ኦፕራሲዮኑን ጻፋችሁልን፣ ምግቡንስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ክብደት መቀነሻ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ያወጣችሁትን ጽሁፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ማን ሊሰራው እንደሚችል፣ ምን ምን አይነት እንዳለው፣ ምን ያህል ኪሎ እንደሚያስቀንስ በደንብ አብራርታችሁታል፣ እናመሰግናለን። ግን ጽሁፉ ያለቀው ሰውየው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው፣ ለኛ ለተሰራልን ሰዎች ደሞ ዋናው ነገር የሚጀምረው እዛ ጋ ነው። ቤት ገብተህ ምግብ ሲቀርብልህ ምኑን ትበላለህ፣ ምን ያህል ትበላለህ፣ ውሀውን መቼ ትጠጣለህ፣ ይሄን ቁጭ ብሎ የሚነግርህ ሰው የለም። እኔ የተሰራልኝ ስሊቭ የሚባለው ነው፣ ታናሽ እህቴ ደሞ ባይፓስ ተሰርቶላታል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ከቅርብ አውቃቸዋለሁ። ሀኪም አይደለሁም፣ የራሳችሁ ሀኪም የነገራችሁ ነገር ካለ የሱን ስሙ፣ ግን ጠይቄም አንብቤም ኖሬውም ያወቅኩት ነገር አለ እና ለሌላ ሰው ከጠቀመ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ስወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ ስለ ቁስሉ አያያዝ ግማሽ ገጽ ተጽፏል፣ ስለ መድሀኒቱም እንደዛው፣ ስለ ምግብ ግን ያለው አንድ መስመር ነው፣ «ቀለል ያለ ምግብ በትንሽ በትንሹ ይውሰዱ» ይላል በቃ። ይሄን አንብቦ ቤቱ የገባ ሰው ብስኩትና ጁስ ቢያስገዛ ማን ይፈርድበታል? ብዙ ሰው እኮ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ከወራት በኋላ ኪሎው አልወርድ ሲል ደሞ ኦፕራሲዮኑ አልሰራልኝም ይላል፣ ኦፕራሲዮኑ ሰርቶለታል፣ የጎደለው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው።

መጀመሪያ ሆዳችን ውስጥ ምን እንደተደረገ እንወቅ። ስሊቭ ላይ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 ፐርሰንት የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፣ የሚቀረው ቀጠን ያለ ቱቦ የመሰለ ነገር ነው። ባይፓስ ላይ ደሞ ከጨጓራው የላይኛው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ የምትይዝ ትንሽ ኪስ ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገጠማለች፣ ምግቡ ዋናውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል ማለት ነው። 30 ሚሊ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ናት፣ አስቡት። ረሀብ እንዲሰማን የሚያደርገው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ደሞ በብዛት የሚመረተው ስሊቭ ላይ ተቆርጦ በሚወጣው በኩል ነው፣ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ረሀብ ጭራሽ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። እኔ ምሳ ሰአት ማለፉ ትዝ የሚለኝ ሰው በልተሻል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ነበር። ደስ ይላል፣ ኪሎው በየሳምንቱ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ አማረብሽ ይላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ትንሽ እንድትበላ ኦፕራሲዮኑ ያደርግሃል፣ ምን እንደምትበላ ግን አይመርጥልህም። እዛች ትንሽ ቦታ የማይረባ ነገር ቀድሞ ከገባ ለሚረባው አይተርፍም።

የሚረባው ደሞ ከሁሉ በፊት ፕሮቲን ነው። ሰውነት ፕሮቲን ካላገኘ የሚቀንሰው ስቡን ብቻ መሰላችሁ? ጡንቻውንም አብሮ ይበላዋል፣ ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል፣ ሰውየው ግን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ይደክመዋል። ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ነው፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ ከዛ በላይም ሊታዘዝ ይችላል። ቁጥሩን ሲሰሙት ምንም አይመስልም፣ ግን አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም አካባቢ፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30 ግራም ገደማ፣ አሳ ከ20 እስከ 25፣ የበሰለ ምስር ደሞ 100 ግራሙ 9 ግራም አካባቢ። አሁን በአንድ ጊዜ ከሶስት አራት ማንኪያ በላይ የማይዝ ሆድ ይዛችሁ ይሄን ደምሩት እስቲ፣ በሶስት ምግብ አይሞላም፣ ለዛ ነው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ብሉ የሚባለው፣ ለዛም ነው መጀመሪያ ላይ በወተት ወይ በውሀ የሚበጠበጥ የፕሮቲን ዱቄት የሚታዘዘው። ዱቄቱን ስትገዙ ከጀርባው ያለውን አንብቡ፣ አንዳንዱ ከፕሮቲኑ ስኳሩ ይበልጣል።

ምግቡ በየደረጃው ነው የሚመጣው፣ እዚህ ላይ ሀኪሞች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፣ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ቀን ውሀና የተጣራ የስጋ ወይ የአትክልት መረቅ፣ ከዛ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ማለትም ወተት፣ ስኳር የሌለበት ቀጠን ያለ እርጎ፣ የተፈጨና የተጣራ ሾርባ፣ የፕሮቲን መጠጡ። ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ያህል የተፈጨና የላመ ነገር፣ ቀጥሎ ለስላሳ የሆነ ነገር፣ እንቁላል፣ አሳ፣ በደንብ የበሰለ ምስር፣ የተፈጨ ስጋ። ወደ መደበኛው ምግብ የሚገባው ስድስት ስምንት ሳምንት አካባቢ ላይ ነው። ይሄን ለማሳጠር የሚቸኩል ሰው አይቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም ይላል፣ ግን ውስጥ ያለው ስፌት ገና እየዳነ ነው እኮ፣ በሱ ላይ ደረቅ ነገር መላክ ለምን? ምንም ቢያምራችሁ ጠብቁ።

እንዴት እንደሚበላም ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው ራሱ አበላሉ ላይ ይቸገራል። ለስላሳ ምግብ የተፈቀደልኝ ሰሞን አንድ እንቁላል መትቼ በቀስታ እሳት እያማሰልኩ ሳይደርቅ አወጣውና በሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ላይ አደርገዋለሁ፣ ትልቅ ሳህን ላይ ስታዩት ያሳዝናችኋል፣ ትንሿ ላይ ግን ሞልቶ ይታያል። በሻይ ማንኪያ ጫፍ አነሳለሁ፣ አኝካለሁ፣ አኝካለሁ፣ አፌ ውስጥ ሙልጭ ብሎ ፈሳሽ ሲሆን እውጣለሁ፣ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ እንደገና አነሳለሁ። አንዷ እንቁላል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትወስዳለች። መሀል ላይ ደረቴ ስር ጥብቅ የሚያደርግ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ ስቅታ ይለኛል፣ አፍንጫዬም ውሀ ውሀ ይላል፣ እሱ ነው መጥገብ ማለት። ድሮ የምናውቀው ሆድ ሙልት የሚለው ጥጋብ አይደለም፣ እሱን የሚጠብቅ ሰው አልፎታል። እዛ ጋ ማቆም ነው፣ ሳህኑ ላይ ሁለት ማንኪያ ቢቀርም ይቅር፣ ምክንያቱም አንዲት ተጨማሪ ማንኪያ ብትገባ ምራቅ አፍ ይሞላል፣ ደረት ይጨነቃል፣ መጨረሻው ማስመለስ ነው።

ከስጋ በኩል የሚያስቸግረው ደረቁ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ የዶሮ ደረት ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲሞቅ ክር ክር ይሆንና ይቀረቀራል፣ እሱንኑ ፈጭታችሁ ወይ በጣም አድቅቃችሁ በመረቅ አርጥባችሁ ብትበሉት ያለ ችግር ይወርዳል። ትኩስ ለስላሳ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታም መጀመሪያ ላይ አያስቸግሩም የሚባሉ ናቸው ግን ውስጥ ሲገቡ እንደ ሊጥ ይጣበቃሉ፣ ቦታም ይይዛሉ። እነሱን እስከ ጭራሹ ተዉ አልልም፣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው የምለው፣ መጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ ከዛ አትክልቱ፣ ከዛ ቦታ ከቀረ ዳቦው ወይ ሩዙ። አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይቀርም።

ውሀ። ይሄ ራሱን የቻለ ስራ ነው። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ይባላል፣ ግን እንደ ድሮው ብርጭቆ አንስቶ ገልበጥ ማድረግ የለም፣ ፉት ፉት እያሉ ቀኑን ሙሉ ነው። ከምግብ ጋር አብሮ አይጠጣም፣ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰአት መቆየት አለባችሁ፣ አብሮ ከገባ ወይ ቦታውን ይሞላውና ምግቡን አትጨርሱም ወይ ደሞ ምግቡን ቶሎ አጥቦ ያወርደውና ወዲያው ይርባችኋል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰው ተመልሶ ሆስፒታል እንዲገባ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የውሀ እጥረት ነው፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ስትነሱ ካዞራችሁ፣ አፋችሁ ከደረቀ ነገ ሀኪም ጋ እሄዳለሁ አትበሉ። ለስላሳ መጠጥ ተዉት፣ ጋዙ ሆድ ይነፋል፣ ስኳሩ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለ ስኳር ካነሳሁ የእህቴን ልንገራችሁ። ባይፓስ የተሰራለት ሰው ጣፋጭ ሲበላ ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ መውረዱ ቀርቶ በአንዴ አንጀት ውስጥ ይዘረገፋል፣ ዳምፒንግ ይሉታል። እህቴ ሰው ቤት ሄዳ ግማሽ ብርጭቆ ጣፋጭ ጁስ ነው የጠጣችው፣ ሩብ ሰአት ሳይሞላ ልቧ ደረቷን እየደበደበ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ሆዷን ቁርጠት ይዟት ሶፋው ላይ ተኛች፣ ሰዎቹ አምቡላንስ እንጥራ አይነት ሆነው ነበር። እንዲህ አይነቱ ከበሉ በኋላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ነው የሚመጣው። ሌላ ደሞ ዘግይቶ ከአንድ እስከ ሶስት ሰአት ቆይቶ የሚመጣ አለ፣ እሱ ሰውነት ብዙ ኢንሱሊን ለቆ የደም ስኳሩ ሲወርድ ነው፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አይን ይጨልማል፣ አንዳንዱ ራሱን ይስታል፣ ይሄ ከተደጋገመ ሀኪም ማየት አለበት። ስሊቭ ላይም ይከሰታል፣ ባይፓስ ላይ ግን ይበዛል።

እኔን ከዳምፒንግ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ምንም የማያሳምመው ነገር ነው። ቺፕስ፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ አይስክሬም አፍ ላይ ይሟሟሉ፣ አይቀረቀሩም፣ ደረት አያጨናንቁም፣ ያ የመጥገብ ስሜትም አይመጣም። ዶሮ ከሶስት ማንኪያ በላይ እምቢ ያለው ሆድ አንድ ፓኬት ብስኩት ከሰአቱን ሙሉ እየቆረጠሙ ቢውሉ ዝም ይላል። ዶሮና እንቁላል ሲያስቸግረው ያየ ሰው ደሞ ሳያስበው ወደማያስቸግረው ያዘነብላል፣ ሰው ነውና። አንድ አመት ተኩል ሁለት አመት ላይ ረሀቡ መለስ ማለት ሲጀምር ኪሎውን የሚመልሰው በአብዛኛው ይሄ የመቆርጠም ልማድ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አለመኖሩ ይሻላል፣ ልጆች ካሉም የነሱ ነገር ለብቻው ይቀመጥ፣ እናንተ የምትደርሱበት ቦታ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ ይኑር።

ቫይታሚን ላይ መዋሸት የለም፣ እድሜ ልክ ነው። ኪሎዬ ወርዷል፣ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እወስዳለሁ ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፣ ጉዳቱ ደሞ ወዲያው አይታይም፣ ከአመት ከሁለት አመት በኋላ ነው በደም ማነስ፣ በእጅ እግር መደንዘዝ፣ በአጥንት መሳሳት የሚመጣው። መልቲቫይታሚን፣ ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ መጠኑን ሀኪሙ በደም ምርመራ ነው የሚያስተካክለው። ካልሲየም ብዙውን ጊዜ በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፣ ግን በአንዴ ከ600 በላይ ሰውነት በደንብ አይወስደውም፣ ተከፋፍሎ ነው የሚዋጠው፣ ካልሲየም ሲትሬት የሚባለው ደሞ የጨጓራ አሲድ ስለማይፈልግ ለኛ ይሻላል። አይረንና ካልሲየም አብረው ከተዋጡ አንዱ አንዱን ያግደዋል፣ በመሀላቸው ቢያንስ ሁለት ሰአት ይሁን። እኔ አይረኑን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ከምሳና ከእራት ጋር አድርጌ ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼዋለሁ፣ ሌላ መላ የለውም።

ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ በደማቁ ጻፊ ብባል ቲያሚንን ነው የምመርጠው፣ ቢ1 የሚባለው። ሰውነት የሚያከማቸው ለሁለት ለሶስት ሳምንት ብቻ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሰው በየቀኑ እያስመለሰ ሲቸገር ይለምድልኛል ብሎ ቤቱ ከተኛ ቲያሚኑ ያልቅና አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ አይን ነገሮችን ሁለት ሁለት ማየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ይመጣል፣ ካልተደረሰበት የማይድን ጉዳት ጥሎ ይሄዳል። ማስመለስ ሁለት ሶስት ቀን ከቀጠለ ሆስፒታል ሂዱ፣ ስትሄዱም ኦፕራሲዮን እንደተሰራላችሁ ተናገሩ፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቲያሚን መሰጠት አለበትና።

ፀጉር ይረግፋል። ከሶስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር አካባቢ ማበጠሪያው ላይ ስታዩት ትደነግጣላችሁ፣ ኪሎ በፍጥነት ሲወርድ የሚመጣ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል። ቅባት ላይ ብር ከመጨረስ ፕሮቲኑንና አይረኑን ማየት ይሻላል። ሚዛኑም በሶስተኛው ሳምንት አካባቢ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ያኔ ደንግጦ ምግብ ጭራሽ የሚያቆም አለ፣ አታድርጉት፣ ውሀችሁንና ፕሮቲናችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ፣ ተመልሶ ይወርዳል። አልኮል ከባይፓስም ከስሊቭም በኋላ በጣም ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ድሮ ምንም የማያደርጋችሁ መጠን አሁን ያሰክራችኋል፣ ሱስም የሚሆንበት ሰው አለ፣ ቢቀር ይመረጣል። ምግብ ባይሆንም እግረ መንገዴን ልበል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉ ማስታገሻዎች በተለይ ባይፓስ ያለበት ሰው ላይ ቁስለት ያመጣሉ፣ ራስ ምታት በያዛችሁ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትዋጡ።

ለቤተሰብም አንድ ነገር አለኝ። እናታችን እስካሁን «ልጄ ምንም አልበላሽም እኮ፣ እቺን ብቻ ጨምሪ» ትለኛለች፣ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን እቺ የምትጨመረው ማንኪያ እኮ ናት የምታስመልሰን። የተሰራለት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሳህኑን አትቁጠሩበት፣ ለምን ተረፈ አትበሉት፣ ስትጋብዙትም ጁስና ኬክ ይዛችሁ አትጠብቁት፣ መርዳት ከፈለጋችሁ አሳውን ሳይደርቅ አብስሉለት፣ ቫይታሚንህን ወሰድክ ወይ ብላችሁ ጠይቁት፣ ሲበላም አታጣድፉት፣ ግማሽ ሰአት አብራችሁት ቁጭ በሉ።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ የስነ ምግብ ባለሙያ ጋብዛችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ወር ምን እንደሚበላ በሳምንት በሳምንት ከፋፍላችሁ አንድ ገጽ አውጡልን፣ ሰው ቆርጦ ፍሪጁ ላይ እንዲለጥፈው። ኦፕራሲዮኑን የሚሰሩ ሆስፒታሎችም ይሄን ካነበቡ፣ በሽተኛው አልጋ ከመያዙ በፊት ከስነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቢያንስ አንዴ ይቀመጥ፣ ሲወጣም ከአንድ መስመር የተሻለ ወረቀት ይሰጠው፣ በሶስተኛው፣ በስድስተኛው ወርና በአመቱ፣ ከዛም በየአመቱ የደም ምርመራ እንዳለበት ቀኑ ተጽፎ ይያዝለት። እህቴ የአመቷን ምርመራ ያደረገችው እኔ ስለጎተጎትኳት ነው፣ ቢ12 ወርዶ ተገኘባትና መርፌ ጀመረች፣ አሁን ደህና ናት። የሚጎተጉት ሰው የሌለው ግን ብዙ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ